በአዲስ አበባ መሐል የወንዝ ዳር ጉዞን ከጂኦካሺንግና ከጠጅ ቤት ጋር ስለ ማጣመር

የግንፍሌ ሰው፦

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች። አንድ የእግር ጉዞ ሐሳብ ይዤ መጥቻለሁ፤ አስተያየታችሁንም አጥብቄ እፈልጋለሁ። ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወርዶ፣ ወደ አራት ኪሎ ወጥቶ፣ እንደገና ወደ ግንፍሌ ቆልቁሎ ቀበና የሚደርሰው መንገድ፣ ርዝመቱ ከሦስት ኪሎ ሜትር ብዙም የማይርቅ ሆኖ ሳለ፣ ሦስት የወንዝ ሸለቆዎችን ተራ በተራ ያቋርጣል። ብዙዎቻችን ይህን መንገድ የምናውቀው በታክሲ መስኮት ነው፤ ከድልድዩ ሥር ውሃ መኖሩንም የምናስታውሰው ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲያጓራ ብቻ ነው። በዚህ መስመር ላይ በጂፒኤስ የሚፈለጉ ነጥቦችን አዘጋጅቶ ጉዞውን በአንድ ደህና ጠጅ ቤት መቋጨት ይቻላል ብዬ አምናለሁ።

ጂኦካሺንግን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባበት የነበረውን አሠራር ያቆመው እ.ኤ.አ. በሜይ 2 ቀን 2000 ሲሆን፣ በማግስቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት አንድ ባልዲ ሸሽጎ የቦታውን መጋጠሚያ፣ ማለትም ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን፣ በኢንተርኔት አሳወቀ። ጨዋታው ከዚያ ተነሥቶ ዓለምን አዳረሰ። ፈላጊው ዕቃውን ሲያገኝ በውስጡ ባለው መዝገብ ላይ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል፤ ከውስጡ አንዳች ነገር ከወሰደ ቢያንስ ዋጋው የሚመጣጠን ሌላ ነገር ይተካል፤ ዕቃውንም እንዳገኘው አድርጎ ወደ ቦታው ይመልሳል።

ችግሩ የከተማችን አቀማመጥ ነው። ወንዞቻችን ከእንጦጦ ተነሥተው በገደል ውስጥ የሚወርዱ ናቸው፤ ቤቶቻችንም ለረጅም ዘመን ፊታቸውን ለመንገዱ፣ ጀርባቸውን ለወንዙ ሰጥተው ኖረዋል፤ ፍሳሹም ጥራጊውም የሄደው ወደ ጀርባ ነው። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የሚሆን የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ካቀደ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተከፈተው የወዳጅነት ፓርክም የዚሁ ሥራ ፍሬ ነው። ሆኖም የእኔ መስመር ሸለቆዎቹን የሚያቋርጥ እንጂ አንድን ወንዝ ተከትሎ የሚሄድ አይደለም። ስለዚህ ጉዞውን የማስበው ከድልድይ ወደ ድልድይ ነው፤ በየድልድዩ ቆሞ ሸለቆውን ላይና ታች መመልከት፣ የሚቻልበት ቦታ ላይ ወደ ዳርቻው መውረድ፣ ከዚያም ወደ ሰፈሩ መመለስ። ነጥቦቹን የት ማኖር ይሻላል? ጠጅ ቤቱስ በየት በኩል ይሁን? የምታውቁትን አካፍሉኝ።

ቀያሽ፦

የተከበሩ የግንፍሌ ሰው፣ ሐሳብዎ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ነጥቦቹን ከሸለቆው ግርጌ እንዳያደርጓቸው እመክራለሁ። ስልክ ሰማይ በተገለጠበት ሜዳ ላይ በአምስት ሜትር ገደማ ትክክል የሆነ ቦታ ሊሰጥ ይችላል፤ በገደል ውስጥ ግን ከሳተላይት የሚመጣው ምልክት በድንጋይና በሕንፃ ግድግዳ ላይ እየነጠረ ስለሚደርስ ስሕተቱ ያድጋል። ፈላጊ በጭቃና በእሾህ መካከል እየተንከራተተ በሌለበት ቦታ ዕቃ እንዲፈልግ ማድረግ ደግሞ አደጋ አለው። የድልድዮቹ ጫፎች ከፍ ያሉና የተገለጡ ስለሆኑ ለንባብ ይመቻሉ።

ሌላው የመጋጠሚያ አጻጻፍ ጉዳይ ነው። በዚህ ጨዋታ የተለመደው አጻጻፍ ዲግሪን፣ ቀጥሎም ደቂቃን (የዲግሪን አንድ ስድሳኛ) እስከ ሦስት ዐሥርዮሽ ቤት የሚጽፈው ነው። አዲስ አበባ በሰሜን 9 ዲግሪ፣ በምሥራቅ 38 ዲግሪ ከግማሽ አልፋ ትገኛለች፤ በኬክሮስ አንድ ደቂቃ 1,852 ሜትር ያህል ስለሆነች የመጨረሻዋ አኃዝ በአንድ ስትለወጥ ነጥቡ በመሬት ላይ ሁለት ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት ይንቀሳቀሳል። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን በኬንትሮስም ልዩነቱ ከዚህ እምብዛም አይርቅም። ስለዚህ ሦስቱም ቤቶች ይጻፉ፤ ማጠጋጋት አይገባም።

በሥራዬ ደጋግሜ የማየውን አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። የቆዩት የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የመነሻ ሥርዓት (መጋጠሚያ የሚለካበት መሠረት) ሲሆን፣ ስልኮቻችን የሚጠቀሙት ደብሊው ጂ ኤስ 84 የተባለውን ነው። ከቆየ ካርታ ላይ የተለቀመን መጋጠሚያ ሳይቀይሩ ስልክ ውስጥ ማስገባት ከ100 ሜትር በላይ ያሳስታል፤ በግንፍሌ 100 ሜትር ማለት ደግሞ ከወንዙ ማዶ መገኘት ነው። እያንዳንዱን ነጥብ በቦታው ቆመው፣ በተለያየ ሰዓት፣ ደጋግመው ያንብቡና አማካዩን ይውሰዱ። ከመነሣትዎ በፊት ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ካርታ ስልክዎ ላይ ይጫኑ፤ ኦርጋኒክ ማፕስ ወይም ኦስማንድ ለዚህ ይበቃል። በአንድ መስመር ላይ ብዙ ዕቃ ለማኖር ካሰቡ ደግሞ በሁለት ዕቃዎች መካከል ቢያንስ 161 ሜትር ርቀት እንዲኖር የጨዋታው ደንብ ያዛል።

ቀበና ማዶ፦

ልጆቼ፣ የተጻፈውን በደስታ አነበብሁ። እኔ የቀበናን ወንዝ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ስለ ውሃው የምለውን አደራ አቃልላችሁ አትዩት። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ አራት ኪሎና ቀበና ከዚያ ሥር በአጭር ርቀት ላይ ያሉ ስለሆኑ ተራራው ላይ የወረደ ዝናብ ወደ እኛ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይወስድበትም። እናንተ ያላችሁበት ሰፈር ፀሐይ ሆኖ ሳለ ወንዙ ደፍርሶና ሞልቶ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ ከድልድዩ ወርዶ ዳርቻው ላይ መቆም ጨርሶ አይገባም፤ በበልግ ዝናብ ጊዜም ጥንቃቄ ያሻል። የሚሻለው ወራት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። ውሃውም ገና ንጹሕ አይደለምና እጅ አይነከርበት፤ ሕፃናት ይዛችሁ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። መሐል ከተማ ማለት ቤተ መንግሥት፣ ኤምባሲ፣ መሥሪያ ቤትና ጥበቃ ማለት ነው። አንድ ሰው በድልድይ ሥር ጎንበስ ብሎ የታሸገ ዕቃ ሲያኖር የሚያየው ጥበቃ ወይም የሰፈር ሰው ምን ሊያስብ እንደሚችል እኔ ልነግራችሁ አያሻም፤ እርሱም ቢጠረጥር ሥራውን ሠራ እንጂ ማንንም አልበደለም። ስለዚህ ዕቃ በድልድይ ላይም ሆነ ከድልድይ ሥር ፈጽሞ አይኑር። ዕቃ ማኖር የግድ ከሆነ ባለቤቱ ፈቅዶ፣ ጎረቤት አውቆ፣ ጥበቃው ተነግሮት፣ በአጥር ግቢ ውስጥ ወይም በሱቅ ደጃፍ ይሁን። ዕቃው ውስጡ የሚታይ፣ በላዩም ምን እንደ ሆነ በአማርኛ በግልጽ የተጻፈበት ይሁን። ፎቶግራፍ ስታነሡም ካሜራችሁ ወደ ወንዙ እንጂ ወደ ቤተ መንግሥቱ አቅጣጫ አይዙር።

የግንፍሌ ሰው፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የድልድዩን ነገር ከአሁን ጀምሮ ዘግቼዋለሁ፤ በድልድዮቹ ላይ የሚነበብና የሚታይ እንጂ የሚሸሸግ ነገር አይኖርም። የመጨረሻውን ዕቃ በጠጅ ቤቱ ውስጥ፣ በባለቤቱ ፈቃድ፣ መደርደሪያ ላይ ብናኖረው ግን ሁለቱም ጉዳይ በአንድ ጊዜ አይፈታም? ጎብኚው መዝገቡን ለመፈረም ሲገባ ብርሌውንም ያዝዛል።

ከቴምዝ ዳር፦

የግንፍሌ ሰው፣ ለብዙ ዓመታት ለንደን ስለኖርሁና ይህን ጨዋታ እዚያ ስለምጫወት የደንቡን ነገር ልንገርዎት። ካሹን፣ ማለትም የሚፈለገውን ዕቃ፣ በጨዋታው ዓለም አቀፍ ድረ ገጽ ለማስመዝገብ ካሰቡ ይህ አይሆንም። ድረ ገጹ ፈላጊውን ወደ ንግድ ቤት እንዲገባ፣ ከሠራተኞች ጋር እንዲነጋገር ወይም አንዳች ነገር እንዲገዛ የሚያስገድድ ምዝገባ እንደ ንግድ ማስታወቂያ ቆጥሮ አይቀበልም። እያንዳንዱ ካሽ ከመውጣቱ በፊት በበጎ ፈቃደኛ ገምጋሚ ይታያል፤ ገምጋሚውም ይህን ሳያይ አያልፍም። በተጨማሪም ዕቃውን ያኖረው ሰው በየጊዜው እየሄደ ሊንከባከበው የሚችል መሆን አለበት፤ ስለዚህ እንደ እኔ ለዕረፍት ብቻ የሚመጣ ሰው ዕቃ አኑሮ መሄድ የለበትም። ይህ የሰፈሩ ነዋሪዎች ሥራ ነው።

ቴምዝ ላይ ይህ ሁሉ ቀላል ነው። የቴምዝ መሄጃ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1996 ተከፍቶ 294 ኪሎ ሜትር ያህል ወንዙን ተከትሎ ይሄዳል፤ ዋፒንግ በተባለው ሰፈር ያለው ፕሮስፔክት ኦፍ ዊትቢ የተባለ መጠጥ ቤት ታሪኩን ከ1520 ይቆጥራል፤ በስተ ጀርባው ባለው በረንዳ ላይ የቆመ ሰው ከእግሩ ሥር ወንዙን ያያል። መጠጥ ቤቱ እዚያ የተሠራው መርከበኛው ከውሃው ስለሚመጣ ነው። የእኛ ጠጅ ቤት ደንበኛ ግን ከገበያ፣ ከቢሮና ከሠርግ የሚመጣ በመሆኑ ቤቱ ያለው ዳገቱ ላይ፣ ሰው በሚመላለስበት መንገድ ነው። ስለዚህ ወንዙንና ጠጅ ቤቱን በግድ አንድ ቦታ ለማገናኘት አይድከሙ። ሁለት ምዕራፍ ያድርጓቸው፦ የካሹ ምዕራፍ በወንዞቹ ይጀምርና በመዝገቡ ይለቅ፤ ከዚያ በኋላ የፈለገ ወደ ጠጅ ቤት ይሂድ፤ ያልፈለገ በሰላም ወደ ቤቱ ይመለስ። በምዝገባው ላይ የጠጅ ቤቱ ስም አይጠቀስ።

ዕቃ ስለማይፈልገው የካሽ ዓይነትም ላስታውስዎ። ኧርዝካሽ የሚባለው ፈላጊውን አንድ የመሬት አፈጣጠር ትምህርት አስተምሮ፣ በቦታው ያየውን እንዲመልስ ጥያቄ የሚያቀርብ ነው፤ የሚሸሸግ አንዳች ነገር የለውም። ለፍል ውሃ ከዚህ የተሻለ አላይም። አዲስ አበባ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በፍል ውሃም በመሬት ስንጥቅ በኩል ከጥልቅ የሞቀ ውሃ ይወጣል። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍንፍኔ ሜዳ እንዲወርዱና ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. እንድትቆረቆር ያደረገው ይኸው ፍል ውሃ ነው። ይህን በአንድ ጥያቄ አስተሳስሮ ማስተማር ትልቅ ነገር ነው።

ማር ከጌሾ፦

ወደ ጠጅ ቤቱ ልግባ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ሰው እንዳገኘ ይሄድና ጠጅ ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ይመለሳል።

በመጀመሪያ፣ የድሮ አድራሻ ይዛችሁ አትውጡ። በፒያሳና በካሳንቺስ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ብዙ ቤቶች ስለፈረሱ፣ ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈ ጥቆማ ዛሬ ባዶ ቦታ ላይ ሊያደርሳችሁ ይችላል። አስቀድማችሁ የሰፈሩን ሰው ጠይቁ፤ በተለይ እድሜ ጠገብ የሆኑትን፤ እነርሱ ማን ከማር እንደሚጥልና ማን በስኳር እንደሚያበዛ ያውቃሉ።

ጠጅ ማር፣ ውሃና ጌሾ ነው፤ ሌላ ነገር አያሻውም። ብዙ ጊዜ ለአንድ እጅ ማር ሦስት ወይም አራት እጅ ውሃ ይሆናል፤ ጌሾው ደግሞ እንጨቱ ተፈልጦ የሚገባ ሲሆን ለጠላ ግን ቅጠሉ ይመረጣል። ማሩ ተበርዞ ገና ሳይፈላ ከተጠጣ ብርዝ ይባላል፤ አልኮል ለማይጠጣ መንገደኛ፣ ለሙስሊም ወንድሞችና እኅቶች፣ ለልጆችም ቢሆን የሚቀርበው ይህ ነው፤ ነገር ግን ብርዙ ሲውል ሲያድር መፍላቱ አይቀርምና «የዛሬ ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጠጁን በተመለከተ አስተናጋጁ ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይስ ደረቅ ብሎ ይጠይቃችኋል። ለስላሳው ጣፋጭ ነው፤ ደረቁ ማሩን ጨርሶ የበላ፣ ጌሾው የሚሰማበትና የበረታ ነው። ዳገት ወጥቶ የመጣና ውሃ የጠማው ሰው ለስላሳውን እንደ ውሃ ይጨልጠዋል፤ ጠጅ ግን ብዙ ጊዜ ከቢራ ይበረታል፤ ከተማችንም በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ስለሆነች ከቆላ የመጣ እንግዳን ከፍታው ራሱ ሊያደክመው ይችላል። አስቀድሞ ውሃ መጠጣት፣ ጥቂት ቆሎ ወይም ምግብ መቅመስ፣ ከዚያም ብርሌውን በእርጋታ መያዝ ነው። ብርሌ አንገቱ ረጅምና ጠባብ የሆነው እንዲሁ ለጌጥ ብቻ አይመስለኝም፤ ጠጪውን ቀስ ያሰኘዋል።

ስለ ቅደም ተከተሉ ከቴምዝ ዳር ጸሐፊ ጋር ፍጹም እስማማለሁ። ጠጅ ቤቱ መጨረሻ ላይ እንጂ መካከል ላይ አይሁን። ከጠጅ በኋላ ወደ ወንዝ ገደል የሚወርድ ሰው ሊኖር አይገባም። ድሮ የመኳንንት ግብር ላይ ጠጅ የሚቀርበው እንግዳው በሥርዓት ተቀምጦ፣ ከምግብ ጋር ነበር፤ ያ ሥርዓት ለመንገደኛም ይሠራል።

ሠርክ ተጓዥ፦

እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ማንም ያላነሣውን ነገር ላንሣ። እኔ ሴት ነኝ፤ ከእኅቶቼ ጋር በከተማው ውስጥ በእግር እጓዛለሁ። ብዙ ጠጅ ቤቶች ወንዶች የሚበዙባቸው ናቸው፤ አመሻሽ ላይ ሲገቡ ሁሉም ሰው ዞር ብሎ የሚያይበት ሁኔታ ይፈጠራል። ይህ ጉዞ ለሁሉም የሚሆን ከሆነ ሰዓቱ በዚሁ ታስቦ ይወሰን። ከቀኑ 7 ሰዓት ተነሥቶ 10 ሰዓት ላይ ጠጅ ቤት የሚደርስ ቡድን ገና ቀን ሳለ፣ ቤቱም ሳይጨናነቅ ገብቶ ይወጣል።

ጠላ ቤትንም አትርሱት። መንገድ ዳር በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ካያችሁ እዚያ ጠላ አለ ማለት ነው፤ ያለ ምንም መጋጠሚያ የሚገኝ ምልክት ነው። ጠላ ቤት ብዙ ጊዜ የአንዲት እናት መኖሪያ ቤት ነው፤ ብቅሉን የምታበቅለው፣ አሻሮውን የምትቆላው፣ እንኩሮውን የምታነኩረው፣ ጋኑን የምታጥነው እርሷ ናት። ስንገባ የምንገባው ወደ ሰው ጓዳ ስለሆነ «እትዬ፣ ቤት ለእንግዳ?» ብሎ ፈቃድ መጠየቅ፣ ስልክ አውጥቶ ዙሪያውን ከማንሣት መቆጠብ፣ ሒሳብንም ያለ ክርክር መክፈል ይገባል። እኔ በግሌ ከጠጅ ቤቱ ይልቅ እዚያ ተቀምጬ ስለ ሰፈሩና ስለ ወንዙ የሰማሁት ይበልጥብኛል፤ ወንዙ ሞልቶ የወሰደውን ድልድይና አጥር ከእነርሱ በላይ የሚያስታውስ የለም። ጠላ በአብዛኛው ከጠጅ የሚቀል ቢሆንም ፊልተር የሚባለው የተጣራው ይበረታል፤ ይህንንም ለእንግዶች መንገር አይከፋም።

የግንፍሌ ሰው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከተሰጠኝ ምክር በመነሣት ጉዞውን እንደሚከተለው አስተካክዬዋለሁ፤ አሁንም የሚታረም ካለ ንገሩኝ።

መነሻው የራስ መኮንን ድልድይ ይሆናል። እዚያ የሚሸሸግ ነገር የለም፤ ተጓዡ ከድልድዩ ላይ ሆኖ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ይኖራል፤ መልሱም አንዲት አኃዝ ይሰጠዋል። ሁለተኛው አራት ኪሎ ነው። አደባባዩ የቆመለት የሚያዝያ 27 ድል የተገኘው በ1933 ዓ.ም. ስለሆነ ተጓዡ ዓመቱን በግእዝ አኃዝ ጽፎ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ምልክቶች ወደ ቁጥር መልሶ ይይዛል። እዚህ ላይ በምዝገባው ላይ በጉልህ የምጽፈው ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 1941 ብሎ የሚሄድ ሰው የተሳሳተ ሸለቆ ውስጥ ይገኛልና። ሦስተኛው ግንፍሌ ድልድይ፣ አራተኛው ቀበና ድልድይ፤ በሁለቱም ላይ ጥያቄ ብቻ። የተሰበሰቡት አኃዞች የመጨረሻውን መጋጠሚያ የደቂቃ ዐሥርዮሾች ይሞላሉ፤ ዕቃውም ቀበና አካባቢ፣ የግቢው ባለቤት ከፈቀዱልኝ፣ ከመንገድ በሚታይ አጥር ላይ ይኖራል። ከአራት ኪሎ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ስለሚበዛበት ለአዛውንትም አይከብድም። የፍል ውሃውን ኧርዝካሽ ለብቻው ሌላ ቀን እናዘጋጀዋለን፤ ከዚህ ጉዞ ጋር ቢደባለቅ ሁለቱንም ያሳጥራቸዋል።

ቀያሽ፦

ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ የመጨረሻውን መጋጠሚያ የሚሰጠው ስሌት ተጓዡ አንዷን አኃዝ ቢሳሳት ወደ ገደል ወይም ወደ ጥበቃ ሥፍራ የሚመራው እንዳይሆን አስቀድመው ይፈትኑት። የአኃዞቹ ድምር ስንት መሆን እንዳለበት በምዝገባው ላይ ቢጻፍ ተጓዡ ከመነሣቱ በፊት ራሱን ያርማል። ፈተናውን አብሬዎ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ።

ቀበና ማዶ፦

የግቢውን ባለቤት እኔ አነጋግራለሁ፤ የምንተዋወቅ ሰዎች ነን። ለአካባቢው ጥበቃም አብረን ሄደን እናስረዳለን፤ ዕቃው ከመኖሩ በፊት እንጂ ከኖረ በኋላ አይሁን። ክዳኑ ውሃ የማያስገባ፣ ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ምረጡ፤ መዝገቡም በእርሳስ የሚጻፍበት ይሁን፤ የቀበና ጭጋግ ቀለሙን ያበላሸዋል። የፊታችን ቅዳሜ 7 ሰዓት ላይ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ወደ ፒያሳ በሚወስደው ጫፍ እጠብቃችኋለሁ፤ ሠርክ ተጓዥና እኅቶቿም ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ ጠላ ቤቱን የሚመርጡልን እነርሱ ናቸው።